ለደንበኞቻችን፦ የሚጣለውን የአዋቂ ዳይፐር መሸጥ ስላቆምንበት ምክንያት

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከመስከረም ወዲህ ሱቃችን የመጣችሁ እንዳያችሁት፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የአዋቂ ዳይፐር መሸጥ አቁመናል። አሁን መደርደሪያችን ላይ ያለው እዚሁ የምንሰፋው፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግለው የጨርቅ ዳይፐር ብቻ ነው። ሳትሰሙ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን ለተመለሳችሁ፣ በተለይ ከሩቅ ሰፈር የታክሲ ከፍላችሁ ለመጣችሁ፣ ለመጉላላታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለይቅርታው ብቻ አይደለም። በስልክም፣ በጽሑፍም፣ በር ላይ ቆማችሁም ብዙ ተናግራችሁኛል። «ወደ ድሮ መለስሽን» ያላችሁኝ አላችሁ። «በዚህ ዕድሜዬ ሽንት ጨርቅ አጣቢ ልታደርጊኝ ነው ልጄ?» ያሉኝ እናት አሉ። «ትርፉ ቢበልጥባት ነው እንጂ» የሚለውን ደግሞ በሰው በኩል ሰማሁት። ልፋቱን ስለማውቀው የፊተኞቹ ብዙም አልከበዱኝም። የመጨረሻው ግን፣ ምን ልደብቃችሁ፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

እስቲ አብረን እናስላው። በቀን አራት ጊዜ የሚቀየርለት ሰው በወር 120 ዳይፐር ያስፈልገዋል። ለነጋዴ ይህ በየሳምንቱ የሚመለስ ደንበኛ ነው፤ ሳትጠራው ይመጣል፤ ቢቸግረው እንኳ ተበድሮ ይመጣል። የጨርቁን የሚገዛ ሰው ግን አራት አምስት ሽፋን (ውኃ የማያሳልፈው የውጩ ክፍል) እና 12 ወይም 15 ንጣፍ (ሽንት የሚመጥጠው የውስጡ) ይዞ ከሄደ፣ በአግባቡ ከያዘው ከዓመት በላይ ዓይኑን አላየውም። ገንዘብ ብቻ ቢሆን የፈለግሁት፣ የሚያዋጣኝ የሚጣለው ነበር። ካርቶኑን ታወርዳለህ፣ ትደረድራለህ፣ ትሸጣለህ። ልብስ ሰፊ መቅጠር የለ፣ «ወገቡ ጠበበን» ተብሎ የሚመለስ የለ። እንዲህ ያለውን ንግድ በገዛ እጇ የምትዘጋ ሴት ትርፍ ፍለጋ ነው መባሏ ትንሽ ያማል።

ታዲያ ለምን ዘጋሽው ትሉኝ ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እኛ የምንሸጠው የሚጣል ዳይፐር ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አስመጪው በዶላር ገዝቶ ለእኛ በብር ይሸጣል፣ እኛም ለእናንተ። ዕቃ በመጣ ቁጥር የዋጋ ወረቀት ስንለጥፍና ስንልጥ ከረምን። ያ ብቻ ቢሆን እንደማንኛውም ነጋዴ «ምን ላድርግ፣ ተወደደ» ብዬ እቀጥል ነበር። ዘይቱም ተወዷል፣ ሳሙናውም ተወዷል።

እኔን ያሸነፈኝ ባንኮኒው ላይ ያየሁት ነው። በፓኬት ይገዙ የነበሩ ሰዎች በፍሬ መግዛት ጀመሩ። «አምስት ስጪኝ፣ ለሳምንቱ ትበቃናለች» ይሉኛል። አምስት ፍሬ ለሰባት ቀን! አልጠየቅኋቸውም፤ ሒሳቡን እኔም አውቀዋለሁ፣ እነሱም ያውቁታል። ዳይፐር ሲወደድ ሰው ከመልበስ አይቀንስም፤ ከመቀየር ነው የሚቀንሰው። የሚጣለው ዳይፐር ውስጥ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ዱቄት አለ፤ ሽንቱን መጥጦ ያረጋዋል፣ ላዩ ደረቅ ይመስላል። እሱ ነው ጥሩነቱ፣ እሱ ነው ጉዱም። «ገና አልሞላም» ይባልና ጠዋት የታሰረው ማታ ይፈታል። ቆዳው ግን ከሽንት ጋር እየዋለ ይላላል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል። ዓይነ ምድር ከተቀላቀለበትማ ይብሳል። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ደግሞ እርጥብ ቆዳ የመኝታ ቁስል በር ነው። አንዴ የጅራት አጥንቱ ላይ ቁስሉ ከተከፈተ የሚፈጀውን የፋሻና የመድኃኒት ወጪ፣ የበሽተኛውን ጭንቅ፣ ያያችሁት ታውቁታላችሁ።

እኔ አይቼዋለሁ። ብዙዎቻችሁ ይህን ሱቅ የምታውቁት ዕቃ ከደረደርንበት በኋላ ነው፤ የተጀመረው ግን በአባታችን አልጋ ሥር ነው። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ሲያዝ፣ የአዋቂ ዳይፐር እንዲህ በየፋርማሲው አይገኝም ነበር። ቢገኝም የእኛ ቤት አቅም አልነበረም። እናቴ አሮጌ ጋቢውን ቀድዳ፣ አራት ድርብ አድርጋ፣ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፋ ያዘችው። ጋቢው ይመጥጣል፤ ላስቲኩ ግን ያልበዋል፣ ይንሸራተታል፣ ሲገላበጥም ይንሿሿል፤ እንግዳ ሲመጣ በዚያ ድምፅ አባቴ ያፍር ነበር። ከዚያ ነው እኔ በእናቴ ሲንጀር ጎንና ጎኑ የሚቆለፍ፣ እግሩ ላይ ላስቲክ ያለው መስፋት የጀመርኩት። ጎረቤት አየና ለእናቱ ጠየቀ። ሌላው ለወንድሙ። የሚጣለውን በኋላ ያስገባነው እናንተ ስለጠየቃችሁን ነው፤ ዋጋውም ያኔ ይቻል ነበር። ዛሬ ስድስት ሴቶች አብረውኝ ይሰፋሉ፤ ወርና ወር ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ልጅ የሚያስተምሩ። የእነሱን ነገር እዚህ ማንሳቴ እንድታዝኑልን አይደለም። ወይም ትንሽ ነው።

ደንበኞቻችን ደግሞ አረጋውያን ብቻ አይደሉም። ፕሮስቴት ታክሞ ሽንቱ ገና ያልተቆጣጠረለት ሰው አለ፤ የመኪና አደጋ አከርካሪውን ጎድቶት ሥራውን በተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ ወጣት አለ፤ ፌስቱላ ያለፈባቸው እህቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሱሪና ቀሚስ ለብሰው ሰው መሐል ይገባሉ። «ጨርቅ ነው፣ ይታወቅባቸዋል» ላላችሁኝ፣ የሰፋነው ከሱሪ ሥር የሚለበስ ነው፤ እንደሚጣለው ሲራመዱ አይንኮሻኮሽም። ለዚህ ማንም አመስግኖን ባያውቅም።

አሁን ደግሞ የጨርቁን ጉድለት ልንገራችሁ፤ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። ጨርቅ እንደዚያ ዱቄት ሽንቱን አያረጋውም። ከቆዳ ጋር የሚገናኘው የላይኛው ክፍል ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው፤ መሐሉ የጥጥ ፎጣና አቡጀዲ ድርብርብ ነው፤ ውጭው ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ። እንዲያም ሆኖ እርጥበቱ ለቆዳ ይቀርባል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ልዩነቱ፣ ስትቀይሩት ብር አይጠፋም። ቅድም ያልኩት አምስት ፍሬ የገዛ ሰው፣ ንጣፍ ቢኖረው በቀን አምስቴም ስድስቴም ይቀይራል። ሙግቴ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

የእኛም ዋጋ ጨምሯል፤ ያን የተናገራችሁት እውነት ነው። ጥጡ ያገር ውስጥ ቢሆንም ውኃ የማያሳልፈው ጨርቅ፣ ላስቲኩና ጠቅ የሚለው ቁልፍ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ መርካቶም ያለ ዶላር አይተነፍስም። መብራቱም ከ2017 መባቻ ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ ነው፤ ማሽኖቻችን ደግሞ ያለ መብራት አይዞሩም። እውነቱን ለመናገር፣ መጨመር ካለብን ያነሰ ነው የጨመርነው።

ወደ ውኃው ልምጣ፤ በጣም የተቆጣችሁበት እሱ ነውና። አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ መሆኑን እኔም በቤቴ አውቀዋለሁ፤ ሮቶ የሌለው ሰው ሌሊት በጀሪካን ሲያጠራቅም ነው የሚያድረው። ለዚህ ብለን ነው ንጣፉን ከሽፋኑ የለየነው። ሽፋኑ ካልተበላሸ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ተናፍሶ እንደገና ይለበሳል፤ በየጊዜው የሚታጠበው ንጣፉ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ለሚቀየርለት ሰው 12 ንጣፍ ሦስት ቀን ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ እርጥቡን ማከማቸት አይሆንም፤ ይሸታል፣ ይሻግታል። እንግዲህ ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚመጣበት፣ ማጠራቀሚያም ለሌለው ቤት ይህ ዕቃ ከባድ ነው፤ አልክድም። ለእንዲህ ያለው ቤት በግድ ሸጬ ልገላገል አልፈልግም። ደውሉና እንነጋገር፤ ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ወይም ውኃ በጠፋበት ቀን ከፋርማሲ የሚገዛ የሚጣል እያደረጉ የሚያመቻቹ ደንበኞች አሉን።

ስታጥቡ ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት አራግፉና መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ከመነሻው ሙቅ ውኃ ካፈሰሳችሁበት እድፉ ይይዛል። ቀጥሎ ንጣፉን በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና። ሽፋኑን አታፍሉት፣ በረኪናም አታስነኩት፤ ላስቲኩን ይበላዋል፣ ውኃ መከላከያውንም ይሰነጣጥቀዋል። በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ የመጣ ብዙ አይተናል፤ ተቀብለንም ቀይረናል፤ ከእንግዲህ ግን ባታስቸግሩን። የልብስ ማለስለሻ ጥጡን ቅባት ስለሚያለብሰው መምጠጡን ይቀንሰዋል። ቆዳ ላይ ቫዝሊን የምታደርጉም ስስ አድርጉት፣ በዚሁ ምክንያት። የሽንት ጠረን አልለቅ ካለ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ትንሽ አቼቶ አልፎ አልፎ ጨምሩ። ከዚያ ፀሐይ፤ ከፀሐይ የተሻለ ነገር አላገኘንም። ክረምት ላይ አይደርቅም ያላችሁትም ልክ ነው፤ ለሐምሌና ነሐሴ ስድስት ያህል ንጣፍ ተጨማሪ መያዝ ይሻላል።

«የቤት ሠራተኛዬ ልትወጣብኝ ነው» ላላችሁኝ አንድ ነገር ልበል፤ ካስከፋኋችሁ ተዉት። የሚጣለውም ቢሆን የሚፈታውና የሚጠቀለለው በዚያችው ልጅ እጅ ነው። ጓንት ግዙላት። ደመወዟ ላይም ጨምሩ፤ በወር ከምታተርፉት ላይ ብትጨምሩላት አይጎዳችሁም። አሮጌ ነጠላ ቆራርጣችሁ ከንጣፉ ላይ ብታነጥፉ ደግሞ አብዛኛው ቆሻሻ ከነቁራጩ ይነሳል፣ ሥራዋም ይቀልላታል።

ቆሻሻን ካነሳን አይቀር፣ የሚጣለው ተጥሎ የት እንደሚሄድ እናውቃለን። በየበራችን እየዞሩ ማዳበሪያ የሚሸከሙት እናቶች ያነሱታል፤ ሳያነሱት ካደረ ውሻ ይዘነጥለዋል። መድረሻው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ያ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። ለዚያ የእኛ ዳይፐር ነው ተጠያቂው ልላችሁ አልችልም። ግን በወር 120 ፕላስቲክ ከአንድ አልጋ ወደዚያ እንደሚሄድ እያወቅሁ መሸጥ ከብዶኝ ነበር። ዋናው ምክንያቴ እሱ ነው ብል ግን እዋሻለሁ።

በውጭ ሀገር ላላችሁ ልጆች፤ ከአሜሪካም፣ ከዱባይም ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ የምትከፍሉ። «እናቴ ጨርቅ ለብሳ እንድትኖር አይደለም የምሠራው» ብላ የጻፈችልኝ እህት፣ ንዴቷ ከፍቅር እንደሆነ ገብቶኛል። በ23 ኪሎ ሻንጣ ዳይፐር ጠቅጥቃችሁ እንደምትመጡም አያለሁ፤ አምጡ፣ ጥሩ ነው፣ ለመንገድና ለሐኪም ቤት ይሆናል። ግን ያ ሻንጣ ስንት ሳምንት ይዘልቃል? ካለቀ በኋላ እናታችሁ «እንዳልቸገራችሁ» እያለች አንዱን ቀኑን ሙሉ ትውልበታለች። ይህን በስልክ አትነግራችሁም። እኛ ግን ሠራተኛዋ መጥታ ስትገዛ እናውቃለን።

በአንዴ ለመክፈል ለከበዳችሁ በሦስት ጊዜ መክፈል ይቻላል፤ ዋስ አንጠይቅም፣ የምናውቃችሁ ሰዎች ናችሁ። ፓኬቱ ያልተከፈተ የሚጣል ዳይፐር ቤታችሁ ካለ በገዛችሁበት ዋጋ ከጨርቁ ሒሳብ ላይ እንቀንሳለን። ወገብና ጭን ለመለካት አልጋ ላይ ላለ ሰው ቤት ድረስ እንመጣለን፤ ልኩ ካልሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንቀይራለን፣ የታጠበም ቢሆን።

ከድሮው ዕቃ ጥቂት ካርቶን ቀርቶናል። እሱን መደርደሪያ ላይ አላወጣነውም፤ በሽተኛ ይዘው ጠበል ወይም ክፍለ ሀገር ለሚሄዱ፣ ሐኪም ቤት ለተኙ፣ ተቅማጥ ለያዛቸው በድሮው ዋጋ እንሰጣለን። ጓዳ ነው ያለው፤ የሚያስፈልገው ሰው ለልጆቹ ይንገራቸው፣ ያወጡለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት