«ልጅዎ ወደ ትምህርት ቤት በምን ይመጣል?» ስለሚለው መጠይቅ ለወላጆች

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ፈተና በጥቅምት መጨረሻ ይሰጣል፤ የደንብ ልብስ ያልወሰዳችሁም ከጽሕፈት ቤት መውሰድ ትችላላችሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሳምንት በልጆቻችሁ እጅ አንድ ገጽ መጠይቅ ልከን ነበር። አምስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ልጁ በምን ይመጣል? ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከማን ጋር ይመጣል? መንገድ ላይ የሚያስፈራው ቦታ የት ነው? ዝናብ ሲሆንስ ምን ይለወጣል? ግማሹ እንኳ አልተመለሰም። ከተመለሱት አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ «ይህ እናንተን አይመለከትም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ስልክ ደውላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ስለ ደወላችሁ አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ አዝኛለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ክፍያው። «መኪና ያለውንና የሌለውን ለይተው ክፍያ ሊጨምሩ ነው» ተብሏል አሉ። መጠይቁ የልጁንም የወላጁንም ስም አይጠይቅም። ብር የሚል ቃልም የለበትም። ማን በመኪና፣ ማን በባጃጅ፣ ማን በእግሩ እንደሚመጣ የምንፈልገው በቁጥር ነው እንጂ በስም አይደለም። ይህንን ወረቀት ይዞ ክፍያ የሚጨምር ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም።

«ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው፣ ባጃጅ እንዲቆጥር አይደለም» ያላችሁኝም አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ለትምህርት ነው የላካችሁት። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ጠዋት ከበሩ አጠገብ ቆመው የሚያልፈውን ቆጠሩ። ክፍል ገብተው ሰንጠረዥ ሠሩ፣ አማካይ አወጡ፣ ግራፍ ሣሉ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ያው ትምህርት ነው። ልዩነቱ ቁጥሩ የራሳቸው መንገድ መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ባለፈው ማክሰኞ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በዊልቸር የምትመጣ ተማሪ አለችን። እሷም ቤተሰቧም ፈቅደው፣ አራት የክፍል ጓደኞቿና እኔ ከበራችን እስከ አስፋልቱ አብረናት ሄድን። ያንን መንገድ እኔ በእግሬ በአራት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ከእሷ ጋር አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀብን። መጀመሪያ የቦዩ ክዳን የተሰበረበት ቦታ ደረስን፤ ወደ መኪናው መንገድ መውረድ ነበረባት። ቀጥሎ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ አለ። ከዚያ የእግረኛው መንገድ ራሱ ያልቅና ጭቃ ይጀምራል። አንድ ልጅ በሒሳብ ደብተሩ ላይ መንገዱን እየሣለ፣ ጎማዋ ከእግረኛው መንገድ በወረደ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ያደርግ ነበር። ዘጠኝ ነጥብ ሆነ። ከአንደኛው ነጥብ አጠገብ «እዚህ ጋ ሲኖትራክ መጣ» ብሎ ጽፏል። እውነት ነው፣ መጥቶ ነበር። አራቱም ልጆች ከበው ቆሙላት።

እሷ ይህንን በየቀኑ ትመላለሰዋለች። እኔ በዚያው መንገድ ስድስት ዓመት ሙሉ ስገባ ስወጣ አንድም ቀን አላየሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። እግረ መንገዱ ለእሷ ከተስተካከለ ሕፃን ላዘለች እናት ይስተካከላል፣ ከዘራ ለያዙ አያት ይስተካከላል፣ ለስድስት ዓመት ልጅም እንዲሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። 9ኛው አንቀጽ ሕንፃን ብቻ ሳይሆን መንገድንና ትራንስፖርትንም ይጠቅሳል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ቅድሚያ ያግኙ ይላል። እኛ የምንጠይቀው ያ ቅድሚያ እኛ በር ላይ እንዲደርስ ነው።

«ታዲያ ሄዳችሁ ለሚመለከተው አካል አትናገሩም?» ትሉ ይሆናል። ሄደናል። «እናያለን» ተባልን፣ ተመለስን። በባዶ እጅ ሄዶ «መንገዱ አስቸጋሪ ነው» ማለት አንድ ነገር ነው። ስንት ልጅ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ከኮቺ ስንት፣ ከጅሬን በኩል ስንት፣ የአዌቱን ድልድይ የሚሻገረው ስንት እንደሆነ በወረቀት ይዞ መሄድ ሌላ ነው። ይህንን ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንም አያውቅም።

ባጃጅ ሊከለከል ነው የተባለውም ውሸት ነው። ብዙዎቻችሁ ማልዳችሁ ሥራ እንደምትገቡ፣ ያለ ኮንትራት ባጃጅ ልጅ ማድረስ እንደማትችሉ አውቃለሁ። ግን ለሦስት ተሳፋሪ ከተሠራ ባጃጅ ሰባት ልጅ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ሾፌሩ ጉልበት አጠገብ፣ እግሩ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህንን እያየሁ ዝም ብል እናንተም አትወዱልኝም። በዓለም ደረጃ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በብዛት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ነው ይህንን የሚለው።

«በእግር ከመጣማ ይገጭብኛል» የምትሉትን ስጋት አልንቅም። እኔም ወላጅ ነኝ። ግን ሁላችንም ስለ ፈራን ሁላችንም ልጆቻችንን እስከ በሩ በመኪናና በባጃጅ እናመጣለን፤ በሩን የሚያስፈራ ያደረገውም ይኸው ነው። እንግሊዝ አገር በዚህ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከሰባትና ስምንት ዓመት ልጆች ከመቶ 80ው ብቻቸውን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 ከመቶ 9 ብቻ ቀሩ። ከመንገዱ ላይ የተነሡት መኪኖቹ ሳይሆኑ ልጆቹ ናቸው። ዴንማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 20 ሺህ በሚጠጉ ልጆች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ በእግርና በብስክሌት የመጡት በመኪና ከመጡት በተሻለ ሐሳባቸውን ሰብስበው ሲሠሩ ታይተዋል። ስለ ውጤት ለምትጨነቁ ወላጆች ነው ይህንን የምጽፈው።

ዝናቡንም አልረሳሁትም። የጅማ ዝናብ ሦስት ወር ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። አምስተኛው ጥያቄ የገባው ለዚህ ነው። ልጃችሁ በዝናብ ቀን የሚቀር ከሆነ፣ ጫማው ጭቃ ሆኖ አፍሮ የሚቀር ከሆነ ጻፉልን። በእግሩ እንዲመጣ ማንንም አናስገድድም። መጠይቁን ስትሞሉ የምትስማሙት ነገርም የለም፤ ያለውን መንገር ብቻ ነው።

ወረቀቱ የጠፋባችሁ ከጥበቃ ጋ ሌላ መውሰድ ትችላላችሁ። በጀርባው በአፋን ኦሮሞ ተጽፏል። ማንበብ ለሚያስቸግራችሁ ልጃችሁ ያንብብላችሁ፣ መልሱን እሱ ይጻፍ። እስከ ዓርብ ድረስ በሩ ላይ በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ክተቱልን።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያንኑ መንገድ ከበሩ እስከ አስፋልቱ እንደገና እንሄደዋለን። የባጃጅ ሾፌሮችንም ጋብዘናል። ሕፃን ያዘላችሁ፣ እናት አባታችሁን ደግፋችሁ መምጣት የምትችሉ፣ እባካችሁ ኑ። የእናንተንም ደቂቃ እንመዘግባለን፤ ቀይ እስክሪብቶው ልጆቹ ጋ አለ። ጃንጥላ ያዙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ጅማ