«አንተ፣ የት ነው የተዋጋኸው?»

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ሲቀረጽ እኔ እዚያው ነበርኩ። መገናኛ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ አንድ ሽማግሌ አረንጓዴ የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ ክራንች ተደግፈው ቆመዋል። አንገታቸው ላይ «የቀድሞ ሠራዊት አባል ነኝ፣ እርዱኝ» የሚል ካርቶን አንጠልጥለዋል። ሁለት ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ቀረቧቸው።

«አንተ፣ የት ነው የተዋጋኸው? ክፍለ ጦርህ ስንተኛ ነው? አዛዥህ ማን ነበር? ወረቀትህን አሳየን!»

አንቱ አላሏቸውም። አባባ አላሏቸውም። ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ከዚያ «እ?» አሉ። ከዚያ አንድ ቁጥር ጠሩ፣ ወዲያው መልሰው ሌላ ቁጥር ጠሩ። ልጆቹ ሳቁ። «ተነቃብህ! አስመሳይ!» ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌው ካርቶኑን ከአንገታቸው አውልቀው፣ አጥፈው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱትና ሄዱ። እኔ ቆሜ አየሁ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

ማታ ቪዲዮውን ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ በደርግ ጊዜ መድፈኛ ነበር። ኤርትራ ውስጥ፣ አፍአበት ላይ በሰፈረው ናደው ዕዝ በሚባለው ጦር ውስጥ ነበር። አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ከመድፉ ጋር እዚያ ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ደግሞ አየውና «እኔንም ቢጠይቁኝ እወድቅ ነበር» አለ።

እንዴት ስለው ያስረዳኝ ጀመር። እንኳን በታክሲ ረዳት ጩኸት መሃል፣ ቤት ውስጥም በደንብ አይሰማም። የብርጌዱ ቁጥር ደግሞ አንድ አይደለም። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ናደው ሲመታ የተረፈው ሰው እየተለቃቀመ ወደ ሌላ ክፍል ገባ። «የትኛውን ነው የምነግራቸው?» አለ። አዛዦቹም ተቀያይረዋል፤ ሞተዋል፣ ተዛውረዋል። የናደው አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ አፍአበት ከመውደቋ ከሳምንታት በፊት በራሳቸው መንግሥት ተረሽነዋል። አባቴ ከሁሉም በላይ የሚያስታውሰው የቆፈረውን ምሽግና አብሮት ሻይ የሚያፈላውን ጓደኛውን ነው።

ወረቀትስ? ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን አባቴ ከኤርትራ ወደ ሱዳን ድንበር ከሄዱት ከብዙ ሺዎች አንዱ ነበር። ጠመንጃውን ከሰላ ላይ አስረከበ። መታወቂያውን ግን ከዚያ በፊት በገዛ እጁ ቀዶ ጥሎታል። ብትያዝ የሚያስገድልህ ወረቀት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነው ያኔ ከሠራዊት ወጥቶ የተበተነው። ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ገባ?

ይህ ደግሞ የደርግ ሠራዊት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኮሪያ የተዋጉት የቃኘው ዘማቾች ዛሬ አፍንጮ በር ላይ ሐውልት አላቸው፣ ማኅበርም አላቸው። በደርግ ዘመን ግን ኮሚኒስት የወጋ ተብለው ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ኖረዋል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የትናንቱ ወታደር ወታደርነቱን መደበቅ አለበት። ሠላሳ ዓመት ከደበቀ በኋላ ታዲያ መንገድ ላይ አስቁመን «ማስረጃህን አምጣ» እንለዋለን።

ወጣቶቹ ለምን እንደተናደዱ ይገባኛል። የሚያስመስል ሰው አለ። በወታደር ስም ለልመና የሚወጣ አለ፣ የወታደር ልብስ ለብሶ የሚያታልልም አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስንት ልጅ እግሩን አጥቶ ተመልሷል። በነሱ ቁስል ሌላው ሲነግድ ማየት ያማል። ነገሩም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከ1933ቱ ድል በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ያልታየው ሁሉ «አርበኛ ነበርኩ» ብሎ ሲነሳ፣ አባቶቻችን «የድል አጥቢያ አርበኛ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ እስከ ዛሬ ያለው ሰውየውም ስላላለቀ ነው።

ግን እንዲህ ያለውን ሰው የምንይዝበት መንገድ ልክ አይደለም። አስቡት እስኪ። ውሸታም ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚወጣው። የጦር ሜዳ ትዝታ መጽሐፍ ያነባል፣ ዩቲዩብ ላይ የጄኔራሎችን ቃለ መጠይቅ ያዳምጣል። ክፍለ ጦሩን፣ አዛዡን፣ ቀኑን ሳይደናቀፍ ይነግራችኋል። የሚደናቀፈው የእውነቱ ሰው ነው። በዚያ ፈተና አባቴ ይወድቃል፣ አስመሳዩ ያልፋል።

እንዲህ ካሜራ ይዞ ማፋጠጥ በአሜሪካ የተለመደ ነው፤ እኛም ያየነው ከዚያ በሚመጡ ቪዲዮዎች ነው። እዚያ ግን አንድ ወታደር ሲሰናበት ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል፤ ቢጠፋበት ከመዝገብ ቤት ጠይቆ ያወጣል። ያም ሆኖ ሕጋቸው ተፈትኗል። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ያልተሸለመውን ወታደራዊ ሜዳሊያ ተሸልሜያለሁ ያለ ሁሉ ይቀጣ የሚል ሕግ አወጡ። በካሊፎርኒያ የአንድ ውኃ አስተዳደር ቦርድ አባል በስብሰባ ላይ የአገሪቱን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸልሜያለሁ ብሎ ዋሸና ተከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2012 ሕጉን ሻረው። በ2013 ሌላ ሕግ ወጣ፤ እሱ የሚቀጣው በውሸቱ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት የሚሞክረውን ነው። ጉራውን ከማጭበርበሩ ለዩት። እኛ ወረቀቱ የሌለን ሰዎች ደግሞ ከነሱ የበለጠ መጠንቀቅ ይገባናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አባቴ ፈቅዶልኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ ሰው ስለ አፍአበት ያወራል። ከመድፎቹ ኋላ በመኪና ስንወጣ እንዲህ ሆነ፣ እንዲያ ሆነ እያለ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማል። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የማላውቀው ሰው ነው አለ በሆዱ፤ ግን ምንም አልተናገረም። ማታ ሲወጡ «ላድርስህ» ብሎ አብሮት ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው። «አድ ሽሩም ላይ መድፎቹን ማን ነው የመታቸው?»

ሰውየው «ሻዕቢያ ነዋ» አለ።

ከዚያ የመኪና ሰልፍ የወጣ ሰው ይህን አይልም። አድ ሽሩም መተላለፊያው ላይ መንገዱ ተዘግቶ ንብረቱ መውጫ ሲያጣ፣ በጠላት እጅ እንዳይገባ ብሎ የደበደበው የራሳችን አየር ኃይል ነው። አባቴ ከነዚያ መድፎች የአንዱ ተኳሽ ነበር። ዝም አለ። ሰውየውም ዝም አለ። ትንሽ ከሄዱ በኋላ «ወንድሜ ነው የነበረው» አለ ሰውየው። ታናሽ ወንድሙ። መጨረሻ የጻፈው ደብዳቤ ከአፍአበት ነው። መርዶ አልመጣላቸውም። እናቱ ይመጣል እያሉ ደጅ ደጁን ሲያዩ ሞቱ። ለቅሶ ሳይቀመጡለት ቀሩ። ሰውየው የወንድሙን ታሪክ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ፣ በራሱ ስም ሲያወራው ኖሯል።

አባቴ የወንድሙን ስም ጠየቀው። አላወቀውም። ግን በዚያ ሰሞን ምሽጉ እንዴት እንደነበር፣ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ነገረው። ሰውየው ቤቱ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። እስከ ዛሬ በበዓል በበዓል ይደዋወላሉ።

ይህ ቪዲዮ ቢሆን ኖሮ አስቡት።

ሁሉም አስመሳይ እንዲህ ነው አልልም። ገንዘብ የሚሰበስብ፣ ቤት ይሰጠኝ የሚል፣ በወታደር ስም ማኅበር ያቋቋመ ሰው ይጣራ። ያንን የሚያደርግ ተቋም አለ፤ መከላከያ አለ፣ የዘማቾች ማኅበራት አሉ፣ አብረው የነበሩ ጓደኞች አሉ። ማታለል በሕጋችን ወንጀል ነው፤ ጥርጣሬ ያለው ለፖሊስ ይናገር። መንገድ ላይ የቆመን ሽማግሌ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ አለመስጠት ትችላላችሁ። እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ እለፉ። ማወቅ ካማራችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ ሻይ ጋብዟቸው፣ በቀስታ ጠይቋቸው። ካሜራውን ግን አውርዱት።

እናንተን አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎችን «አስመሳዩ ወታደር ተጋለጠ» እያላችሁ በገጻችሁ አታጋሩ። ካጋራችሁ፣ መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆኑ አጣሩ። ፊታቸውንም ሸፍኑ። መገናኛ ላይ ቪዲዮውን ያነሳችሁት ልጆችም ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ አጥፉት። እኚያ ሰው ልጆች ካሏቸው እስካሁን አይተውታል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እፈልጋቸዋለሁ፤ ቦታቸው ላይ የሉም።

የአንድ የቀድሞ ሠራዊት አባል ልጅ
ከአዲስ አበባ