ከዋርድ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ

ክቡር አዘጋጅ፦

በጅማ ያሉት አምቡላንሶች ወላዶችንና ድንገተኛ ሕመምተኞችን ማስቀደም አለባቸው፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። ግን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ አጋሮ ወይም ሰቃ ጨቆርሳ የሚመለሰው፣ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሰው፣ ስትሮክ መትቶት ለቀጠሮ የሚመጣው አዛውንት የሚጓዙት በባጃጅ ወይም በኮንትራት ሚኒባስ ነው። ነርሷ መውጫ ወረቀቱን ትሰጣለች፣ ሾፌሩ ዋጋ ይነጋገራል፣ የቀረው በአስታማሚው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ጉዞውን የሕክምናው አካል አድርጎ የሚይዘው የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ኦክሲጅን ነው። ጌጁ (የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ) ከዜሮ በላይ ስላሳየ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም፤ መሰላት አለበት። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) ካሳየ፣ 10 በ100 ሲባዛ ውስጡ 1000 ሊትር ገደማ ጋዝ አለ። ሕመምተኛው በደቂቃ 4 ሊትር የሚወስድ ከሆነ 250 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያቆየዋል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ ሲሊንደር መንገድ ላይ ያልቃል። መኪና ሊበላሽ፣ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ለታሰበው ሰዓት እጥፍ የሚበቃ ይያዝ። ይህን ያህል ኦክሲጅን የሚፈልግ ሰው ያለ ነርስ ረጅም መንገድ ባይላክ ደግሞ ይሻላል። ሲሊንደሩ ወንበር ሥር ተጋድሞ ወይም በአስታማሚው እግር መካከል ቆሞ መሄድ የለበትም፤ ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ በውስጡ ያለው ግፊት ብረቱን ያስወነጭፈዋል። በቀበቶ ይታሰር። ቫልቩን በዘይት ወይም በግራሶ በቆሸሸ እጅ መንካት፣ የሕመምተኛውን ከንፈር ቫዝሊን መቀባት፣ መኪናው ውስጥ ሲጋራ ማጨስ የእሳት አደጋ ያመጣሉ።

የሚኒባሱን ወንበር አጥፎ ፍራሽ ማንጠፍ ተለምዷል። ችግሩ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ይታያል፤ ያልታሰረ ሰውነት ከነፍራሹ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ቃሬዛ ካለ ደረት፣ ዳሌና ከጉልበት በላይ ይታሰር፣ በትከሻ በኩል የሚያልፍ ማሰሪያም ይጨመር፤ ቃሬዛው ራሱም ከወለሉ ጋር ይያያዝ። ጋቢ ጠቅልሎ ማሰር ይህን አይተካም። የዊልቸር ፍሬን በግጭት ጊዜ ወንበሩን አያቆመውም። ወለሉ ላይ አራት ማሰሪያ የሚገባበት ቦታ ከሌለ ሕመምተኛው ወደ መኪናው ወንበር ይዛወር፣ ቀበቶው በሆዱ ሳይሆን በዳሌው አጥንት ላይ ይለፍ፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ ይታሰር።

ጀርባው ወይም ዳሌው የተሰበረ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው በባጃጅ መሄድ የለበትም። አጭር መንገድ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ሲያነሱትም ጉዳት አለ። ስትሮክ ያደከመውን እጅ ይዞ መሳብ የትከሻውን መገጣጠሚያ ያላቅቃል፤ ደግፈው የሚያነሱት ከወገቡና ከጀርባው ነው። ካቴተር (ከፊኛ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ያለበት ሰው ሲዛወር የሽንት ከረጢቱን ሆዱ ላይ ማስቀመጥ ተለምዷል፤ ያን ጊዜ ሽንቱ ወደ ፊኛ ይመለስና ኢንፌክሽን ያመጣል። ከመነሳቱ በፊት ይደፋ፣ ቱቦው ጭኑ ላይ ይለጠፍ፣ ከረጢቱ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ።

ከኩላሊት እጥበት የወጣ ሰው ደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ቁጭ ብሎ ጥቂት ይቆይ እንጂ ወዲያው ተነስቶ ባጃጅ ላይ አይዝለል። መርፌ በተወጋበት እጁ ቦርሳ አይያዝ፣ አይደገፍበት። ከደማ ነጥቡን በጎዝ ሳያቋርጡ በጣት መጫን፣ እየተጫኑም ወደ ሆስፒታሉ መመለስ ነው። ክንዱን በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር የደም ሥሩን ሊዘጋው ይችላል።

የምንጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ሕመምተኛው ሲወጣ ይሙላው፦ መቀመጥ ይችላል ወይስ መተኛት አለበት፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ኦክሲጅን፣ የመጨረሻው መድኃኒት በስንት ሰዓት ተሰጠ፣ ቀጣዩስ መቼ ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሾፌሩ ወደታሰበው ቦታ መንዳቱን ትቶ ወደሚቀርበው ጤና ተቋም እንዲታጠፍ በግልጽ ይጻፍ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ መውጫ ወረቀት መንገድ ላይ ማንንም አይረዳም። የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትም ሕመምተኛ ለሚያመላልሱ ሚኒባስ ሾፌሮች የማሰርና የማንሳት ሥልጠና ቢሰጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የዋርዱ ስልክ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይስፈር፣ ሕመምተኛው ከመነሳቱ በፊትም ከአስታማሚው ስልክ ተደውሎ ይሞከር።

በሕመምተኛ ማመላለስ ሥራ ላይ ያለን የጤና ባለሙያዎች
ጅማ