በር ላይ የሚመለሰውስ ተከራይ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ የምሠራ የቤት ደላላ ነኝ። ስለ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ብዙ ተጽፏል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ መባሉ ጥሩ ነው። ግን ይኼ ሁሉ የሚጠቅመው ቤት ያገኘውን ሰው ነው። በር ላይ የሚመለሰውስ? ለእሱ ሲሟገቱ የኖሩ አንዲት እናት በሰፈራችን ነበሩ። በቅርቡ አርባቸውን አወጣን። ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም ነበርና እማማ ብቻ ልበላቸው።

አከራይ እኔን ሲያዘኝ እንዲህ ነው፦ «ላጤ እንዳታመጣ። ልጅ ያላት አትሁን። ምጣድና ካውያ አይሰካም።» ስለ ምጣዱ አልፈርድም፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። «የየት አገር ሰው ነው? ሃይማኖቱስ? ከካምፕ ከሆነ ተወኝ!» ካምፕ የሚሉት ከወለጋ ተፈናቅለው ቻይና ካምፕ የተጠለሉትን ነው። የቀን ሥራ ይዞ አንዲት ክፍል ለመከራየት የደረሰውን ሰው ዋስ አምጣ ይሉታል። ዘመድ በሌለበት አገር ዋስ ከየት ይምጣ?

እማማ ነገሩን የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው፤ ኤች አይ ቪ አለበት የተባለ ተከራይ ዕቃው ደጅ በሚወረወርበት ዘመን። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቤት ለማስለቀቅ ወሬ ብቻ ይበቃ ነበር። አንዲት የታመመች ወጣት ከነልጇ ቤታቸው አስገቡ። ጎረቤት ቡና መጥራት ሲያቆም፣ እሳቸው ረከቦቱን ደጃፍ አውጥተው ከልጅቷ ጋር ይጠጡ ጀመር። መንገደኛው ሁሉ እያየ።

በኋላ ዘዴ አበጁ። አንድ ሰው «ቤቱ ተይዟል» ተብሎ ከተመለሰ፣ በማግሥቱ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ራሳቸው ይሄዳሉ። «ለእህቴ ልጅ ክፍል ፈልጌ ነበር።» አከራይዋ ቁልፍ ይዛ ትወጣለች። እማማ ክፍሉን ያያሉ፣ ኮርኒሱን ቀና ብለው ያያሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ትናንት ተያዘ የተባለው ይኸው ነው እንዴ?» ይላሉ። አፍሮ ቁልፉን የሰጠ አለ። በሩን የዘጋባቸውም አለ፤ እውነቱን ለመናገር የዘጋው ይበዛል።

አሜሪካ ውስጥ የቤት አድልዎን የሚታገሉ ድርጅቶች ጥቁርና ነጭ ጠያቂ ለየብቻ እየላኩ ማስረጃ እንደሚይዙ ያነበብኩት ቆይቼ ነው። እማማን እንጂ ማንን ላስታውስ! ልዩነቱ፣ እነዚያ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተፈረመ ሕግ አላቸው። እማማ የሚተማመኑት በሰው ይሉኝታ ነበር።

ትልቁ ሥራቸው ግን ዕድሩ ነው። በሰፈራችን ዕድር ተከራይ አይገባም ነበር፤ «ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» እየተባለ። በየስብሰባው ተነሥተው ያንኑ ሲጠይቁ፣ ሰብሳቢው ሲሰለቻቸው፣ እሳቸው ሳይሰለቹ፣ በመጨረሻ ተፈቀደ። ዛሬ አከራይ ዋስ ሲለኝ «የእከሌ ዕድር አባል ነው» እላለሁ። ለብዙው ሰው ይበቃዋል። አንዳንዴ ደላላም ያልፍለታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በመረጡት አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። በአንቀጽ 25 ደግሞ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋ ልዩነት እንዳይደረግ ይላል። ጽሑፉ አለ፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት የተጠየቀ አከራይ አላየሁም። ስለዚህ የኪራይ ውል የሚመዘግበው ክፍል፣ ቤት የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት አንድ መስኮት ይክፈት። እኛንም ደላሎችን «የየት አገር ሰው ነህ» ብለን እንዳንጠይቅ በጽሑፍ ይከልክለን፤ ለአከራዩ የምናሳየው ወረቀት ይኖረናል።

ሌላም አለ። ከካምፕ የወጣ ደንበኛዬ መታወቂያ ሊያወጣ ቢሄድ የአከራይ ደብዳቤ አምጣ ተባለ። አከራዩ ደግሞ መታወቂያ ሳላይ አላስገባም አለ። የቱ እንደሚቀድም የሚያውቅ ኃላፊ ካለ፣ መልሱን በጋዜጣችሁ አውጡልን። ሰውዬው አሁንም እየጠበቀ ነው።

አንድ የቤት ደላላ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ