ስለዚያች ብርቱካናማ መብራት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሕንፃ 5 ምድር ቤት ያለው ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰኩበት ሳጥን ነው። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፣ አንዷ ብቻ ብርቱካናማ። ከሥሩ «ለማይሠራ ኬብል ነው እንዴ 300 ብር የጨመራችሁብን?» ይላል። 28 ሰው አውራ ጣት ሰጥቶታል። ቆጥሬያለሁ።

ስላለፈው ቅዳሜ መጀመሪያ ይቅርታ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ተኩል ካሜራውም ካሽ ሬጅስተሩም ቆመባችሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ስለ ኬብሉ ግን ዝም ማለት አልችልም።

እስካለፈው ወር ድረስ አምስቱ ሕንፃዎች በሰንሰለት ነበር የተያያዙት፤ 1 ከ2፣ 2 ከ3፣ እንዲያ እያለ እስከ 5። ግንቦት ላይ ግቢው ውስጥ ሲቆፍር የነበረ እስካቫተር 2ን ከ3 የሚያገናኘውን ፋይበር በጠሰው። ከ3 ወዲያ ያላችሁ በሙሉ ሁለት ቀን «ሲስተም የለም» ስትሉ ከረማችሁ። «አንድ መላ ፈልግ» ያላችሁኝም ያኔ ነው። መላው ከ5 ወደ 1 የሚመለስ ኬብል ዘርግቶ ቀለበት መሥራት ነበር። በቀለበት መንገድ የሚሄድ ባለታክሲን አስቡት፤ ወዲህ ሲዘጋበት ወዲያ ዞሮ ይገባል።

ታዲያ ኬብሉን ከዘረጋችሁ በኋላ ለምን ዘጋችሁት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ስዊቾቹ የሚነጋገሩበት ኢተርኔት የሚባለው ዘዴ ላይ የሚሄድ መልእክት ስንት ዙር እንደዞረ የሚቆጥርለት የለም። ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ ከተገጠመ ለሁሉም የተላከ መልእክት ማቆሚያ ስለሌለው ሲዞር ይኖራል። ሌላው ይደረብበታል፣ በሰከንዶች ውስጥ መስመሩ ይታፈናል። የቅዳሜው ጉድ ይኸው ነው። ቴክኒሻኑ ልጃችን የመጨረሻውን ኬብል ሲሰካ አንዱ ስዊች ላይ መከላከያው አልበራም ነበር። መብራቶቹ በሙሉ እንደ ሠርግ ቤት አምፖል ባንዴ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ከቢሮ ሆነን ስዊቾቹ ውስጥ መግባት ስላልቻልን ከሕንፃ ሕንፃ በእግራችን ሮጥን።

መከላከያው ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት በ1985 እ.ኤ.አ. የፈጠረችው ነው። ከቀለበቱ አንዷን በር፣ ማለትም አንዷን የኬብል መሰኪያ ይዘጋል፤ ሌላ ቦታ ኬብል ሲበጠስ ይከፍታታል። የድሮው ለዚህ እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እኛ ያስገባነው ራፒድ የሚባለውን ፈጣኑን ነው፤ ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ነው። ብርቱካናማዋ መብራት እንግዲህ ያቺ የተዘጋች በር ናት። ኬብሉ ተበላሽቶ አይደለም፣ ተራውን እየጠበቀ ነው። መኪናችሁ ውስጥ ያለውን ትርፍ ጎማ «አይሠራም» ብላችሁ አትጥሉትም መቼም።

ሥራውን በ2003 ስጀምር የነበረኝ አንድ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ ፒንሳ) እና የሰው መሰላል ነው። ያኔ ሕንፃ 1 ብቻ ነበር። ኮሌጅ ቶክን ሪንግ ስለሚባለው የድሮ የቀለበት ኔትወርክ ስንማር አንድ ቦታ ከተቆረጠ ቀለበቱ በሙሉ እንደሚቆም አስተማሪያችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያሳየን «ይሄማ ምን ይረባል» ብዬ ስቄ ነበር። ዛሬ እኔው ቀለበት ሻጭ ሆንኩ።

ብሩም ቢሆን። ስዊች በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእናንተን ክፍያ ግን እስከዚህ ወር አልነካሁትም። በኮቪድ ጊዜ ገበያ ሲቀዘቅዝባችሁ የሦስት ወር ሂሳብ ማን እንዳልጠየቃችሁ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመቁጠር ነው።

300 ብሩ የከበደው ካለ ይደውልልኝ፣ በሁለት ከፍለን እናደርገዋለን። ጥላችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ግን እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ሕንፃ 5 ምድር ቤት ኑ። ቡና ይኖራል። ልጃችን ሕንፃ 2 ሆኖ ኬብሉን ይነቅላል፤ እናንተ መብራቷን እያያችሁ በስልካችሁ ሰከንዱን ቁጠሩ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት