ይድረስ ለአባባ፣ ከቼሳፒክ ዳር

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው የላክሁልዎትን ፎቶ አይተው «ባሕር ነው ሐይቅ?» ብለው ነበር። ስልኩ እየተቆራረጠ ሳልመልስልዎት ቀረሁ። ቼሳፒክ ይባላል፣ እዚህ አሜሪካ በምሥራቁ ዳርቻ ያለ ባሕረ ሰላጤ ነው። ድሮ የወንዝ ሸለቆ ነበር፤ ባሕሩ ከፍ ሲል ዋጠው። አሁን የወንዙና የባሕሩ ውኃ እዚያ ይቀላቀላል። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣናን አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 7 ሜትር እንኳ አይደርስም። የሜሪላንድ ሰው ሸርጣኑን በእንፋሎት አብስሎ፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግፎ፣ በመዶሻ እየሰባበረ ይበላል። ለእማማ ይንገሩልኝ፣ እኔ አልነካሁም።

የጂኦግራፊ መምህር ልጅ ነኝና ታሪኩንም ሳነብ ከረምኩ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት።

ከእንግሊዞቹ በፊት ስፔኖች መጥተው ነበር። በ1561 ፓኪኪኔዮ የሚባል የአገሬውን ወጣት በመርከብ ይዘው ሄዱ። ስፔን ወሰዱት፣ ሜክሲኮም ኖረ፣ ተጠመቀና ዶን ሉዊስ ተባለ። በ1570 ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መንገድ መሪ አድርገው መለሱት። እሱን ተማምነው አንድ ወታደር እንኳ አላስከተሉም። እሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ጥሏቸው ወደ ዘመዶቹ ገባ። በ1571 መጀመሪያ ላይ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ መጣና ገደላቸው። አንድ ታዳጊ ልጅ ብቻ ተረፈ። ብዙ ጸሐፊ ከሃዲ ይለዋል። ለሟቾቹ አዝናለሁ፣ ግን ዘጠኝ ዓመት ከአገሩ ርቆ የኖረን ሰው እንዲህ በአንድ ቃል መዝጋት አልሆነልኝም።

ቀጥሎ እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስሚዝ መጣ። እንግሊዞቹ ጄምስታውን የሚባለውን ሰፈራቸውን በ1607 ቆረቆሩ። በዓመቱ ስሚዝ 14 ሰው ይዞ ጣሪያ በሌላት ጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ሊያስስ ወጣ። የሚፈልጉት ወርቅና ወደ ሌላኛው ውቅያኖስ የሚያሻግር መንገድ ነበር። ሁለቱም አልተገኙም። ዓሣው ግን ከመብዛቱ የተነሣ በመጥበሻ ለመጨለፍ ሞክረዋል!

አንድ ቀን ስሚዝ በጎራዴው ዓሣ እየወጋ ሲያወጣ፣ ጅራቷ ላይ መርዛም እሾህ ያላት ጠፍጣፋ ዓሣ ክንዱን ወጋችው። እስከ ትከሻው አበጠ። ሰዎቹ አለቀለት ብለው፣ ቦታውን ራሱ እያሳያቸው መቃብሩን ቆፈሩ። ሐኪማቸው ዘይት ቢቀባው ሕመሙ በረደለትና ማታውኑ ያችኑ ዓሣ ለራት በላት። ቦታው እስከ ዛሬ በዓሣዋ ስም ይጠራል። ሰውየው ጉረኛ ነው፣ ያወራውን ሁሉ አላምነውም። ይህችን ግን ወድጃታለሁ።

እርስዎን ደስ የሚልዎት በ1612 ያሳተመው ካርታ ነው። ምዕራብን ከላይ አድርጎ ነው የሣለው፣ ከባሕር የሚመጣ ሰው እንደሚያየው። በየወንዙ ላይ ትንንሽ መስቀሎች አሉ። እስከ መስቀሉ ድረስ ራሳችን ደርሰናል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከአገሬው ሰው ሰምተን ነው ይላል። ያን ሁሉ ጉራ የነፋ ሰው ካርታው ላይ ሲደርስ ያየውንና የሰማውን ለየ። የመንደሮቹን ስም የነገሩትም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ዛሬ በመኪና የምሻገረው የፖቶማክ ወንዝ ሳይቀር ስሙ የእነሱ ነው።

ይህን ሳይ ግሽ ዓባይ ትዝ አለችኝ። ስሚዝ እዚህ ሲቀዝፍ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እኛ አገር ነበር። በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ የፓኤዝን አጣጣለና የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ሁለት ፈረንጆች ሲሻሙ፣ የሰከላ ሰው በዚያው ጸበል ሲጠመቅ ኖሯል። የፈረንጆቹ ካርታ ላይ እንደ ስሚዝ መስቀል ቢኖር ከየት ይጀምር ነበር?

ወጣት ሳሉ ሰከላ አስተምረዋል አይደል? ሽማግሌዎቹ ስለነዚህ ፈረንጆች ሲያወሩ የሰሙት ካለ እሑድ ስደውል ይንገሩኝ። ልጆቹ በስልክ ይቅረጹታል። የግፊት መድኃኒቱን ደግሞ እባክዎ አያቋርጡ፣ የሚቀጥለውን ከሰው ጋር እልካለሁ።

የምትወድዎት ልጅዎ