ለመንደራችን የአጥቢያ ምክር ቤት የቃለ ጉባኤ መዝገቦች ጥገና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በብሪታንያ የምትኖሩ የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

በኬንት ካውንቲ የምንኖርበት መንደር የአጥቢያ ምክር ቤት (የመንደሩ ነዋሪዎች የሚመርጡት የአካባቢ አስተዳደር) ከተቋቋመበት ከ1894 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ አራት የቃለ ጉባኤ መዝገቦች በእርጥበትና በገዛ ቀለማቸው እየተበሉ ነው። በዚያ ዘመን ይጻፍበት የነበረው ቀለም ብረት ስላለበት ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ በአንዳንዱ ገጽ ላይ ከፊርማው የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች መዝገቦቹን ለማስጠገን ኮሚቴ ስላቋቋሙ፣ በኮሚቴው ውስጥ ያለን አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም የበኩላችሁን እንድትረዱ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከ1894 በፊት የገጠሩ አጥቢያ ጉዳይ በአብዛኛው የሚወሰነው ቄሱ፣ ባለርስቱና ትልልቆቹ ገበሬዎች በሚሰየሙበት የቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የመንደሩን ዓለማዊ ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ለይቶ፣ 300 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለው የገጠር አጥቢያ ሁሉ የራሱን ምክር ቤት እንዲመርጥ አደረገ። ሴቶች፣ ያገቡትም ጭምር፣ ለፓርላማ ድምፅ መስጠት ከመጀመራቸው ከሃያ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ በዚህ ምክር ቤት መምረጥና መመረጥ ቻሉ። በታኅሣሥ 1894 የተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ እጅ በማውጣት ስለነበረ፣ የቀን ሠራተኛው በአሠሪው ፊት እጁን ማንሳት ነበረበት፤ ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። ሕጉ ግን ለእርሱም አስቦለት ነበር፤ የአጥቢያው መራጮች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ጉባኤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እንዳይጀመር፣ ምክር ቤቱም ሌላ ተስማሚ ክፍል እስካለ ድረስ በመጠጥ ቤት እንዳይሰበሰብ ደንግጓል። በዚህም ምክንያት በብዙ መንደሮች ጎልማሶቹ በትምህርት ቤቱ የልጆች ወንበር ላይ ተጣበው ይመክሩ ነበር።

የመዘገቡት ጉዳይ ግን ታላቅ የሚባል አይደለም። የተዘጋ የእግር መንገድ ይከፈት፣ የተሰበረው የውሃ ፓምፕ እጀታ ይጠገን፣ ቦዩ ይሸታል፣ ለሠራተኞች በኪራይ የሚሰጠው ቁራሽ መሬት ለማን ይድረስ፣ የመንገዱን ፋኖስ ማን ያብራ የሚሉ ናቸው። የውሃና የንጽሕና ሥልጣን በዋናነት የገጠር ወረዳው ምክር ቤት ስለነበረ፣ ጸሐፊው ለወረዳው ይጽፋል፤ መልስ ሲዘገይም ደግሞ ይጽፋል። በዕድር ጸሐፊነት ያገለገለ ሰው ይህን ትዕግሥት ወዲያው ያውቀዋል። አቅማቸውም ጠባብ ነበር፦ ምክር ቤቱ ያለ አጥቢያው ጉባኤ ፈቃድ ከ1 ፓውንድ የንብረት ግምት ላይ ከ3 ፔንስ በላይ ማስከፈል አይችልም ነበር፤ ያኔ 1 ፓውንድ 240 ፔንስ ነበር። ቢሆንም በዚሁ በኬንት የፔንስኸርስት አጥቢያ ምክር ቤት፣ በአባሉ በጄን ኤስኮም ትጋት፣ በ1900 ለሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች እስከ ማሠራት ደርሷል።

የእኛ መንደር ያን ያህል አልሠራም። ነገር ግን ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ባለመሬቱ እንዳያጥረው የተከራከረው፣ ከመካከላችን የአንዳንዶች ወላጆች ያረፉበትን የመቃብር ቦታ የገዛውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የግዢው ውሳኔ የሰፈረው ደግሞ ክፉኛ በተጎዳው በሁለተኛው መዝገብ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው 2,400 ፓውንድ ሲሆን፣ አብዛኛው ለወረቀት ጥገና ባለሙያ፣ ቀሪው ገጾቹን ፎቶ ለማንሳትና አሲድ የሌለበት ሣጥን ለመግዛት ይውላል። ጥገናው ሲያልቅ መዝገቦቹ ሜድስቶን በሚገኘው የካውንቲው ቤተ መዛግብት ይቀመጣሉ፤ የፎቶ ቅጂው ለማንም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። ከ5 ፓውንድ ጀምሮ የሚሰጠውን መዋጮ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላል፤ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ለለጋሾች ይላካል። ጥገናው በመዝገብ ተራ ሳይሆን በጉዳት መጠን ስለሚካሄድ፣ የመጀመሪያው 700 ፓውንድ እንደተሟላ ሁለተኛው መዝገብ ወደ ባለሙያው ይሄዳል። ገንዘብ የማይመቻችሁ፣ የድሮ የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የምትችሉ ካላችሁ፣ ፎቶ የተነሱትን ገጾች በመገልበጥ ብትረዱን ጉልበታችሁን እንደ መዋጮ እንቆጥረዋለን።